የአቡክ በሬና የእኔ ቀንበር

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር ላይ እንስማማ፦ አይተረተርም።

አቶ ደጀኔ ቢቆጡም አይተረተርም። ሚስቴ ሳቋ አላባራ ብሎ ወገቧን ይዛ ብትቀመጥም አይተረተርም። የሰፈራችን የሃይ ማላካል ባለሱቅ ሁሉ በሱቄ ደጃፍ ሲያልፍ «እምቧ!» ቢልብኝም አይተረተርም። ክሩ ደህና ክር ነው፤ ጥልፉ ደህና ጥልፍ ነው፤ እዚያ ጨርቅ ላይ አንገቱ ቀንበር ውስጥ ገብቶ፣ ሆዱ ተዘርግፎ፣ ምላሱ ወጥቶ የሚታየውም ሰው እኔው ራሴ ነኝ። እኔን ካልከፋኝ ሌላውን ምን አገባው? እሺ፣ ትንሽ ከፍቶኛል። ሆዱ በዝቷል። እሱም ቢሆን ግን አይተረተርም።

ለማታውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ጁባ ውስጥ ብርድ ልብስ ነጋዴ ነኝ። ደግማችሁ አታንብቡት፣ ልክ ነው ያነበባችሁት፤ ድንጋይ ሳይቀር በሚያልበው ከተማ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ብርድ ልብስ ለብርድ ነው ያላችሁ ማነው? የእኔ ደንበኞች የሚገዙት ነብሩን ነው። እያንዳንዱ ብርድ ልብስ ላይ አንድ የቻይና ነብር ተጋድሟል፤ ዓይኑ የጭነት መኪና መብራት ያህላል። ሙሽራ ይሸለምበታል፣ ግድግዳ ይሸፈንበታል፣ እንግዳ ይስፈራራበታል። አንድ ደንበኛዬ፣ ሌባ መስኮቱን ከፍቶ ነብሩን ሲያይ ይቅርታ ጠይቆ መስኮቱን መልሶ ዘግቶ ሄደ ብሎ ምሎልኛል። ወሬውን መጀመሪያ የነገርኩት እኔው ብሆንም አምኜዋለሁ።

ከተማው ውስጥ ተኩስ በተከፈተበት በዚያ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ብዙ ሰው ከጁባ ወጣ። እህቴ ከአዲስ አበባ በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ? ውጣ እንጂ!»

«መቶ ሃምሳ ነብር ይዤ የት ልውጣ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም የቀረሁት። አልጋ ሥር ተኝቼ ያሳለፍኳቸውን ቀናት እታገኝ፣ ማለትም ሚስቴ፣ አንድ በአንድ ይዛቸዋለች፤ ስንጣላ ታወጣቸዋለች። ግን ከአልጋው ሥር ወጥቼ የሱቄን የቆርቆሮ በር ስከፍት የሆነ እልህ ያዘኝ። ይኸው ከተማው ሲከፍት እየከፈትኩ፣ ሲዘጋ እየዘጋሁ እዚሁ አለሁ። እልህ ደግሞ አመሉ ክፉ ነው፤ ለትልቅ ጉዳይ ብለህ ካስገባኸው በኋላ ለትንሹም ለትልቁም ካልመጣሁ ይላል።

ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፣ አንድ ጠዋት መምህርት ሮዝ ሱቄ የገባችው። ከሱቃችን ጀርባ ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናገር ጣቶቿን እያጠፈች የምትቆጥር ሴት። እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ጎረቤት አገር ባህል ሊማር ነው አለችኝ። ሁለተኛ ክፍል ኡጋንዳ ደርሶታል፣ አራተኛ ክፍል ኬንያ፣ ለእሷ ልጆች ደግሞ ኢትዮጵያ። ልጆቹ የኢትዮጵያን እንስሳት በሚላያ ላይ ሊጠልፉ ነው።

ሚላያ የዚህ አገር ሴቶች በእጃቸው የሚጠልፉት የአልጋ ልብስ ነው። ወፉ፣ አበባው፣ ዓሣው በቀለም ክር ይሞላበታል፤ ሙሽራ ያለ ሚላያ አትዳርም። በዚያ ግርግር ጎረቤቴ ድስቷን ምድጃ ላይ ትታ ሚላያዋን ጠቅልላ ስትሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ እናንተ አንሶላ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት።

«ስለ እንስሳቱ የሚያስረዳን ባለሙያ ታውቃለህ?» አለችኝ መምህርት ሮዝ።

«አውቃለሁ።»

«ማነው?»

«ፊት ለፊትሽ የቆመው።»

እታገኝን ከመደርደሪያው ጀርባ ሳል ያዛት። መምህሯ አመስግና እስክትወጣ ድረስ ስትስል ቆይታ፣ ልክ እንደወጣች ዳነች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? ስለ እንስሳት? ዶሮ ክንፏን ብታራግፍ ጠረጴዛ ላይ የምትወጣው አንተ?»

«ያቺ ዶሮ ጤነኛ አልነበረችም።»

እውነቱን ለመናገር የተወለድኩት መርካቶ ጀርባ ነው። በሬን በሦስት መልኩ አውቀዋለሁ፦ በጥብስ፣ በክትፎና በቅቅል። በቁመናው የማውቀው ከመኪና መስኮት ነው። እታገኝ ግን የገበሬ ልጅ ናት፤ ደብረ ማርቆስ አካባቢ አባቷ ሲያርሱ ጎን ጎናቸው እየሄደች ነው ያደገችው። ባለሙያው እሷ ነበረች። ታዲያ ማን ጠየቃት? አፉን ቀድሞ የከፈተ ነው ባለሙያ።

ወሬው ኮሎሎ ሰፈር ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ኮሎሎ ላይ ሆቴል ያላቸው አቶ ደጀኔ የጁባ ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ወዲያው ተነሥተው ማኅበሩ ጨርቁንና ክሩን እንዲሰጥ አስወሰኑ፤ ሚላያው ሲያልቅም የሆቴላቸው እንግዳ መቀበያ ውስጥ፣ ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለው ቁልፍ በሚጠብቁበት ፊት ለፊት እንዲሰቀል ቃል ገቡ። ደወሉልኝ።

«ወንድሜ፣ አደራ። አገር እንዳታሰድብ።»

«ጋሼ ደጀኔ፣ በእኔ ይሁንብዎ» አልኩ። ይህን ቃል አስታውሱልኝ፤ ሌሎቹም አስታውሰውብኛል።

በቀጠሮዬ ቀን ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ሰደርያ ለብሼ ክፍሉ ገባሁ። በዚያ ሙቀት ሰደርያ መልበስ ራስን ማጥፋት ነው፤ ግን ባለሙያ ያለ ሰደርያ አይታይም። አሥራ ስምንት ልጆች ተነሥተው በአንድ ድምፅ ሰላም አሉኝ። ሁሉም የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹ ከላም ጋር ያደጉ፣ ወይም ከላም ጋር ካደጉ ሰዎች ጋር ያደጉ። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ጀመርኩ። የጁባ ዐረቢኛዬ ገበያ ላይ የተማርኩት ስለሆነ ሁሉን ነገር እንደመሸጥ ያደርገዋል። በአዲስ አበባ ጎዳና አንበሳ ከትራፊክ ፖሊስ ጎን ቆሞ መኪና ያሳልፋል አልኳቸው፤ አመኑኝ። የሰሜን ተራራ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲበርደው ከእኔ ነው ብርድ ልብስ የሚገዛው አልኳቸው፤ አመኑኝ፣ ስንት እንደሚከፍልም ጠየቁኝ። ከዚያ ሐረር ላይ ሰው ጅብን በእጁ ሥጋ ያጎርሳል ስል ክፍሉ በሙሉ «ውሸት!» ብሎ ጮኸ። ማልኩላቸው። አንድ ልጅ «መምህርት፣ ይሄ አሙ ይዋሻል» ብሎ ከሰሰኝ። አሙ አጎት ማለት ነው። በሕይወቴ እውነት በተናገርኩባት በዚያች አንዲት ደቂቃ ውሸታም ተባልኩ።

ክብሬን ለመመለስ በሬን አመጣሁ። የእኛ በሬ የአገር ምሰሶ ነው አልኩ። ቀንበር አንገቱ ላይ ይገባል፣ ሞፈር ከኋላው ይታሰራል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ መሬት ይገለበጣል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሣልኩት። ዞር ስል ክፍሉ ጸጥ ብሏል። የማድነቅ ጸጥታ መሰለኝና ሰደርያዬን ሳብ አደረግሁ።

ከኋላ መስመር አንዲት እጅ ወጣች። ፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ፀጉሯ በቀጭን በቀጭኑ የተሠራ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ስሟ አቡክ ነው።

«አሙ፣ በሬው ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም።»

«ታዲያ ለምን ይቀጣል?»

«ቅጣት አይደለም፣ የኔ ልጅ። ሥራ ነው።»

«ሰዎቹ እጅ የላቸውም?»

ክፍሉ በሙሉ ወደ እጄ አየ። እኔም አየሁት። ሁለቱም አሉ።

«እጅ አላቸው፣ ግን በሬው ይጠነክራል።»

«የሚጠነክር ነው የሚታሰረው?»

ሃያ ዓመት ነግጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ዋጋ ልቀንስ ብል የምቀንሰው ነገር የለም።

ልጆቹ መርፌና ክር ይዘው በየቁራጭ ጨርቃቸው ላይ በእርሳስ ሲነድፉ የአቡክን አየሁት። በሬ ነው፣ ግን እኔ ከመኪና መስኮት ያየሁት ዓይነት በሬ አይደለም። ቀንዶቹ እንደተከፈተ ክንድ ወደ ላይ ወጥተዋል፣ ከጫፋቸው የክር ጌጥ ተንጠልጥሏል፣ አንገቱ ባዶ ነው። ጥቁርና ነጭ ክር ለይታ አጠገቧ አስቀምጣለች።

«ቀንበሩስ?» አልኳት።

«አና ማ ደሩ።»

አልፈልግም ማለት ነው። ሦስት ቃል ናት፤ አቡክ ስትላት ግን በር የመዝጋት ያህል ትሰማለች።

መምህርት ሮዝ ጣቷን አጠፈች። «አቡክ፣ አንደኛ፣ ትምህርታችን ስለ ኢትዮጵያ ነው። ሁለተኛ፣ እንግዳችን የኢትዮጵያ በሬ ያርሳል ብሏል። ሦስተኛ፣ ቀንበር ከሌለው ይሄ የእኛ አገር በሬ ነው፣ ስለዚህ ከሚላያው ጋር አይሰፋም።»

«አይሰፋ» አለች አቡክ። ጨርቋን ግን አጥፋ ብብቷ ሥር አደረገችው።

ከክፍል ስንወጣ መምህሯ ጎተት አድርጋ ነገረችኝ። ይሄ በሬ ማጆክ ይባላል፤ የአቡክ አባት በሬ ነው። ማጆክ ጥቁርና ነጭ መልክ ማለት ነው፤ በአቡክ ወገኖች ዘንድ በሬ በመልኩ ይጠራል፣ የሚወደድ በሬ ቀንዱ ላይ ጌጥ ይንጠለጠልለታል፣ ይዘፈንለታል። በዚያ ታኅሣሥ መንጋው ተበታትኖ ማጆክ ጠፋ። አባትየው ፍለጋ ላይ ነው፤ ልጅቷ ከአያቷ ጋር ጁባ መጣች። በሬውን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ያለው አሁን እዚያች ቁራጭ ጨርቅ ላይ ነው።

ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ዝም ብሎ ወደ ሱቁ ይሄዳል። እኔ ግን በዘጠኝ ዓመት ልጅ በክርክር ተሸንፌ ከአሥራ ሰባት ምስክር ፊት የወጣሁ ሰው ነኝ። ቀንበር ቅጣት እንዳልሆነ አሳያታለሁ አልኩ። ያኔ ራሷ በገዛ እጇ ታስገባለታለች፣ በሬዋም ከሚላያው አይቀርም። ለእሷ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ለሰደርያዬ ነበር ያሰብኩት።

በማግስቱ ከቀትር በፊት የመጋረጃ ብረት፣ ገመድና መጥረጊያ ይዤ የትምህርት ቤቱ ግቢ ደረስኩ። አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ ሁልጊዜ የሚያመላልሰኝን የቦዳ ቦዳ ሞተረኛ ዋኒን አግባባሁት።

«ቦስ፣ እኔ ምን እሆናለሁ?» አለኝ።

«በሬ።»

«አንተስ?»

«እኔም በሬ።»

«ገበሬው ማነው?»

«ሦስተኛ ክፍል።»

ዋኒ ሞተሩን ቆለፈና የራስ መከላከያ ቆቡን ሳያወልቅ አንገቱን ሰጠኝ። የመጋረጃውን ብረት በሁለታችን ትከሻ ላይ አጋደምን፤ መጥረጊያውን ከኋላ አሰርን። ልጆቹ እርፉን፣ ማለትም መጥረጊያውን፣ ለመያዝ ተጋፉ። አቡክ አልተጋፋችም። ከኒም ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ፣ አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ልብስ ሊሰፋልኝ እንደሚለካኝ ሰው ከላይ እስከ ታች ታየኝ ነበር።

«አየሽ?» አልኳት ከቀንበሩ ሥር። «ምንም የለውም!»

ተነቃነቅን። የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ግሩም ነበሩ፤ በሬነት ከብርድ ልብስ ንግድ ይሻላል እስከማለት ደርሼ ነበር። ከዚያ የዋኒ ስልክ ጮኸ። ደንበኛ ነው። ዋኒ ስልኩን ሊያወጣ ወደ ግራ ዞረ፤ ብረቱም አብሮት ዞረ፤ አንገቴም አብሮ ዞረ፤ ቀሪው ሰውነቴ ግን ያልሰማ ይመስል ቀጥ ብሎ ሄደ። «ጉምቦ ሰፈር ነህ? ድልድዩ ጋ ጠብቀኝ፣ መጣሁ!» ይላል ዋኒ፣ በአንድ እጁ እየነዳኝ። የጠዋቱ ዝናብ ያቆራት ውሃ ውስጥ በደረቴ ወደቅሁ። የሰደርያዬ ቁልፎች አንድ በአንድ ተበተኑ፤ ሱሪዬ ከኋላ ሲቀደድ የነበረውን ድምፅ በጨርቅ ነጋዴነቴ አልገልጸውም። ልጆቹ በደስታ መጥረጊያውን እየጎተቱ ጀርባዬን አረሱት።

ስነሣ አቡክ ፊቴ ቆማለች።

«አሙ፣ ያማል?»

«አያምም!» አልኩ፣ አንገቴ ወደ ግራ እንደዞረ።

«እውነት አያምም?»

«በፍጹም!»

ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣

«እሺ» አለች። «ካላመመህ አንተ ተሸከመው።»

ብላኝ ሄደች። ትርጉሙን ያን ዕለት አልተረዳሁትም። መምህርት ሮዝ ከሳምንት በኋላ «አቡክ ቀንበሩን ጠልፋለች፣ ማርኳን ሰጥቻታለሁ፣ ቁራጩም ከሚላያው ጋር ተሰፍቷል» ስትለኝ አሸነፍኩ ብዬ እታገኝ ላይ ፎከርኩባት። እሷ አንገቴን በቅባት እያሸችልኝ ነበር።

«የእርሻ ሥራውን እርፍና ሞፈር ሳትለይ ጀመርክ፤ መጨረሻህን ያሳምረው» አለችኝ።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ወላጅ ግቢውን ሞላው፤ አቶ ደጀኔ በሙሉ ልብስ ከሁለት የማኅበሩ ሰዎች ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሚላያው በሁለት ዛፎች መካከል ተወጥሮ በአንሶላ ተሸፍኗል። መምህርት ሮዝ አንሶላውን ሳበችው።

ውብ ነበር። ልጆቹ የኔን ውሸት ሁሉ በክር እውነት አድርገውታል፦ አንበሳው ነጭ ጓንት አጥልቆ መኪና ያሳልፋል፣ ጭላዳው ብርድ ልብስ ተከናንቧል፣ ብርድ ልብሱ ላይ ሳይቀር ትንሽ ነብር አለች። ጅቡን ማንም አልጠለፈውም።

መሐል ላይ ማጆክ ነበር። አንገቱ ባዶ፣ ቀንዱ ከፍ ያለ፣ ጌጡ የተንጠለጠለ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። ከፊቱ ደግሞ አንድ ሰው ያርሳል። እርፍ የያዘ ሳይሆን ሞፈር የሚጎትት። ቀንበር በአንገቱ፣ ጥቁር ሰደርያ በነጭ ሸሚዝ፣ ጢሙ በጥቁር ክር ፀጉር በፀጉር የተሠራ፣ ምላሱ በቀይ ክር እስከ አገጩ የወረደ፣ ሆዱ አሥራ ስምንት ልጆች ክር ያዋጡለት የሚመስል። ሱሪው ከኋላ ተቀድዷል። ቀዳዳውን እንኳ አልረሳችውም።

መጀመሪያ የሳቀችው ሚስቴ ናት። ከዚያ ግቢው በሙሉ ተከተላት። ዋኒ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ «ቦስ! እኔ የት አለሁ?» ብሎ ጮኸ፤ መቅረቱ ከፍቶታል።

አቶ ደጀኔ ብቻ አልሳቁም። ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥልፍ ነው፣ ጋሼ።»

«በሬ ጥላ ሥር ተኝቶ ሐበሻ ይጠመዳል? ይሄን ነው እንግዳ መቀበያዬ ላይ የምሰቅለው? አገር እንዳታሰድብ አላልኩህም? አሁኑኑ ይተርተር!» ወደ መምህሯ ዞሩ። «ሰውየው ይተርተር፣ ወይ ቁራጩ ይውጣ። መቀስ ስጡኝ!»

መምህርት ሮዝ ጣቷን አጠፈች። «አንደኛ፣ በሬ አለ። ሁለተኛ፣ ቀንበር አለ። ሦስተኛ፣ እርሻ አለ። ማርክ ተሰጥቷል፣ አይመለስም።» ሆኖም ክሩም ጨርቁም የማኅበሩ ነውና፣ የመስፊያው ዕቃ ያለበት ሣጥን አጠገቧ ሲከፈት አልከለከለችም።

አቡክ ሚላያው ፊት ሄዳ ቆመች። እጆቿን ዘረጋች። ቁመቷ ከማጆክ እግር አያልፍም።

«አና ማ ደሩ።»

እዚህ ላይ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ የለመድኩት ነገር ስለሆነ ይቀለኝ ነበር። እኔም ይተርተር ብዬ ነበር በልቤ። ሆዴን አይቻለሁ፣ ሳቁን ሰምቻለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ሃይ ማላካል ውስጥ ምን እንደምባል ገብቶኛል። ሰውየው ይውጣ፣ በሬው ይቅር፣ ልጅቷም አትጎዳ ብዬ ለማስታረቅ አፌን ከፍቼ ነበር።

ያኔ የአቡክ አያት በዱላቸው ሰውን ገለል እያደረጉ መጡ። ረጅም ባልቴት ናቸው። ማንንም ሳያዩ የሚላያውን ጠርዝ ይዘው ገለበጡና ጀርባውን መረመሩ፤ ጥልፍ አዋቂ ሰው ፊቱን አያይም፣ ቋጠሮው የሚታወቀው ከጀርባ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ፊት መልሰው ጣታቸውን እኔ ላይ፣ ማለቴ ጥልፉ ላይ፣ አሳረፉና፣

«ማጆክ» አሉ።

«አይ፣ ማጆክ ያኛው ነው» አልኩ በሬውን እያሳየሁ።

አያትየው በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሉ፤ አቡክ በዐረቢኛ መለሰችልኝ።

«ሀቦባ» አለች፣ አያቷን ማለቷ ነው፤ «እሱንም ታውቀዋለች። አንተን ነው ያለችህ። መልክህ የማጆክ ነው። ጥቁርና ነጭ።»

«ሰደርያዬን ነው?»

«ክሩ ነው» አለች አቡክ። «ከማጆክ የተረፈ ክር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አልሰጠውም ነበር።»

ወገኖቼ፣ እኔ ነገር የሚገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ሲገባኝ ግን አንዴ ነው። ሰድባኛለች ብዬ የቆምኩባት ልጅ ከጠፋው በሬዋ ክር ቀንሳ እኔን ሠርታኛለች። እዚያው የእታገኝ አባት ትዝ አሉኝ፤ ጥቁርና ነጭ በሬያቸውን ቡሬ ነበር የሚሉት። እኛም እኮ በመልኩ እንጠራዋለን። ይህንን ክፍሉ ውስጥ ገብቼ መናገር ሲገባኝ ስለ ትራፊክ አንበሳ አውርቼ ወጣሁ።

ሄጄ ከአቡክ ጎን ቆምኩ። እጆቼን ዘረጋሁ። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ባለ ሆድ፣ ባለ ሰደርያ።

«አና ማ ደሩ!» አልኩ።

«ምን አልክ?» አሉ አቶ ደጀኔ፣ መቀሱን እንደያዙ።

«አይተረተርም ነው ያልኩት፣ ጋሼ።»

«አገርህን ስታሰድብ አታፍርም?»

«አገሬን ማን ነካት? የተጠመድኩት እኔ ነኝ። በሬ ስንት ሺህ ዓመት ሲያርስልን ኖሮ አንድ ቀን ብተካው ምን ይጎድላል?»

«ክሩን የሰጠነው እኛ ነን!»

«ክሩን ሰጣችሁ። መርፌውን የያዘችው እሷ ናት።»

«እንግዲያው ሆቴሌ ውስጥ አይሰቀልም!»

«አይሰቀል!»

«አደራህን በላህ!»

«በላሁ! ሆዴን አላዩትም?»

ከኋላ እታገኝ «እሰይ!» ስትል ሰማሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር እሰይ ያለችኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው በሠርጋችን ቀን ነው፣ ለካህኑ ይሁን ለእኔ ግን አልተጣራም። አቶ ደጀኔ መቀሱን ሣጥኑ ውስጥ ወርውረው ወጡ። አያትየው ዱላቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱት። ፍርድ ተሰጠ ማለት መሰለኝ።

ሚላያው አሁን ሱቄ ውስጥ፣ ከመቶ ሃምሳው ነብር በላይ ተሰቅሏል። ነብሮቹ ቀንተዋል፤ ሰው ሲገባ ወደ እነሱ አያይም። «እምቧ!» ይሉኛል፣ «እምቧ!» ብዬ እመልሳለሁ። አቶ ደጀኔ ሁለት ጊዜ ሰው ልከው፣ ሰውየው ተተርትሮ ቢመጣ ይሰቀላል አስብለዋል። መልሴን ታውቁታላችሁ። እህቴም «አሁንስ ምን ትጠብቃለህ?» ብላ ደውላ ነበር። «በሬ» አልኳት። ዘጋችው።

ባለፈው ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አቡክ ገባች። በርጩማ ላይ ወጥታ ጥልፉን ስታየው ቆየች። የአባቷን ወሬ እንዳልጠይቃት ከዓይኗ ገባኝ፤ ወሬ ቢኖር ቀድማ ትነግረኝ ነበር።

«አሙ፣ ብዙ አርሰሃል» አለችኝ። «ቀንበሩን ልፍታልህ?»

መርፌዋን አውጥታለች። በዚህ ዓለም ላይ ያን ክር የመተርተር መብት ያላት አንዲት ሰው እሷ ብቻ ናት።

ወደ ማጆክ አየሁ። ጥላው ሥር ተኝቶ ያመሰኳል።

«ተዪው» አልኳት። «እሱ ይረፍ። መንገድ ላይ ነው የከረመው።»

ከዚያ ጥቁርና ነጩን ክር በመርፌ አስገብታ ጨርቁ ላይ ተደፋች። ስትጨርስ ከርጩማው ወርዳ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

እታገኝ ከጓዳ ወጥታ ጥልፉ ላይ ዓይኗን አጠበበች።

«ደግሞ ይሄ ጆሮህ ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?»

ቀና ብዬ አየሁት። ቀንድ ስለሌለኝ ጆሮዬ ላይ ነው ያሰረችልኝ፤ የማጆክን የመሰለ፣ ባለ ዘርፍ ጌጥ።

«ሹመት ነው» አልኳት።

እሱም አይተረተርም።